የአባቴ ቀጫጭን ጥይቶች

ልጅ እያለሁ የእኛ ቤት ጋራዥ መኪና ገብቶበት አያውቅም። ከካፒቶል ሂል አፓርትመንት ወጥተን አውሮራ ውስጥ ሃቫና ስትሪት አጠገብ ወዳለች ትንሽ ታውንሃውስ ስንዛወር እማዬን ከሁሉ በላይ ደስ ያሰኛት ጋራዡ ነበር፤ ዊንተር በመጣ ቁጥር ከመኪናው መስታወት ላይ በረዶ እየፋቀች ሥራ መሄድ መርሯት ነበርና። ደስታዋ ሁለት ወር እንኳ አልቆየም። አንድ ቅዳሜ አባዬ ሎውሪ ሰፈር ውስጥ ሰው ያገለገለ ዕቃውን አውጥቶ ከሚሸጥበት የጋራዥ ሽያጭ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ረጅም እጀታ ያለው ብረት ተሸክሞ መጣ። ግድግዳው ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ በብሎን አሰረው፤ በዙሪያው ባልዲና ጣሳ ደረደረ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናችን ውጭ ቀረች።

ብረቱ የተተኮሰ የወፍ ጠመንጃ ጥይት እንደገና የሚሞላበት ማሽን ነበር። የወፍ ጠመንጃ ጥይት እንደ ሌላው ጥይት አይደለም፤ ቀለሁ ፕላስቲክ ነው፣ ከሥሩ ብቻ ነሐስ አለው። እጀታውን ሲስበው የተቃጠለው ማቀጣጠያ ከሥሩ ይነቀላል፤ ደግሞ ሲስበው አዲሱ ይተከላል። ከዚያ ባሩዱ ይወርዳል፤ በላዩ ትንሽ የፕላስቲክ ስኒ ይገባል፤ ስኒው ውስጥ ሰናፍጭ የሚያካክሉ የእርሳስ ፍሬዎች እየተንኮሻኮሹ ይፈስሳሉ፤ በመጨረሻ የቀለሁ አፍ እንደ አበባ ተጣጥፎ ይዘጋል። አባዬ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ትንፋሹን ውጦ ነው። ባሩድ በተከፈተበት ሰዓት ማንም አያወራም፣ ሬዲዮ አይከፈትም፣ ስልክ ወደ ጋራዡ አይገባም። የሌላው ልጅ አባት ቅዳሜ ኳስ ሲያይ የእኔ አባት ጋራዥ ውስጥ ጸጥ ብሎ ይቆማል።

አባዬ ደሳለኝ ይባላል። ኤርፖርት የሻትል ሾፌር ነበር። አገር ቤትም ሾፌር ነበር፤ ጂንካ ሳለን ለአደን ከውጭ የሚመጡ እንግዶችን በላንድክሩዘር የሚያመላልስ። እኔ አሜሪካ ስመጣ ሰባት ዓመቴ ስለነበር ከዚያ ሕይወቱ የማስታውሰው የመኪናውን አቧራና የካኪ ሸሚዙን ብቻ ነው። ስለዚያ ሥራ ሲያወራም ሰምቼው አላውቅም፤ እስከዚያ እሑድ ድረስ። እሱን እደርስበታለሁ።

የማሽኑ የመጀመሪያ ቀን ውርደት ነበር። አባዬ ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋር ከአውሮራ በስተምሥራቅ ያለው ሜዳ ላይ ፌዘንት የሚባለውን የዱር ወፍ ለማደን አስቦ፣ አስቀድሞ አንድ ያገለገለ ጠመንጃ ገዝቶ ነበር። አብዛኛው ሰው የሚይዘውን፣ አሥራ ሁለት ጌጅ የሚባለውን ወፍራሙን ነው የገዛው። ማሽኑን አስሮ ሲጨርስ የዚያን ጠመንጃ ቀለህ ሊያስገባ ቢሞክር አልገባ አለ። ገለበጠው፣ ገፋው፣ ዘይት ቀባው። ኋላ ላይ ከማሽኑ ጋር በባልዲ ከመጡት ባዶ ቀለሆች አንዱን አንስቶ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስተያያቸው ነገሩ ገባው። የእሱ ቀለህ እንደ አውራ ጣት ነው፤ የባልዲው እንደ ትንሽ ጣት። ማሽኑ ሃያ ስምንት ጌጅ ለሚባለው ቀጭን ጥይት ብቻ የተሠራ ነበር። እማዬ ከኩሽናው በር ላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም፤ «መልሰው» ብላ ብቻ ገባች።

በሳምንቱ እኔን ይዞ ሎውሪ ሄደ። የወሰደኝ እንዳስተረጉምለት ነው። በእኔ ዕድሜ አውሮራ ያደጋችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ከትምህርት ቤት መልስ ሰኞ ማክሰኞ ለመጫወት ፓርኪንግ ላይ በጠመኔ አስምረን ሳንጨርስ ለባንክ ደብዳቤ፣ ለሐኪም ወረቀት፣ ለስልክ ድርጅት እንጠራ ነበር። ሻጯ ሚስስ ሄለን የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ ተጠግቷል። አባዬ ማሽኑን እቅፍ አድርጎ በራቸው ላይ ቆሞ ሲያዩት ሳቁ። ነገሩን ስነግራቸው ሳቃቸውን ገቱና ማሽኑ የባላቸው እንዳልነበር ነገሩኝ። የራሳቸው ነበር። ቀጭኑም ጠመንጃ የራሳቸው ነው፤ ባልና ሚስት ሆነው ለብዙ ዓመታት በአየር ላይ የሚወረወር የሸክላ ሳህን ሲተኩሱ ኖረዋል፤ ባል በወፍራሙ፣ ሚስት በቀጭኑ።

ገንዘቡን ሊመልሱ ቦርሳቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ቀጭን ነኝ፣ ትከሻዬ የወፍ። ገብተው ያንን ጠመንጃ ይዘው መጡ፤ ባዶ መሆኑን ከፍተው ለአባዬ አሳዩትና ትከሻዬ ላይ አስደገፉት። በልኬ ያሰፋሁት ልብስ ይመስል ልክክ አለ። ቀጥሎ የሆነውን አባዬ ዛሬም ሲያወራ ያፍራል፤ እሳቸው ዋጋ ዝቅ ሲያደርጉ እሱ ከፍ እያደረገ ተከራከሩ። «በነጻ አይሆንም በያቸው» ይለኛል፤ «ማስታወሻ ነው በይው» ይሉኛል። በመሃል ሁለቱም የደከሙበት ዋጋ ተገኘና ጠመንጃ መሸጫ ሱቅ ሄደው ወረቀቱን በአባዬ ስም ጨረሱ። እማዬ ስንመለስ አየችን። ማሽን ሊመልስ የሄደ ሰው ማሽኑንም ሌላ ጠመንጃም ይዞ ገባ። ለሦስት ቀን አላናገረችውም፤ በአራተኛው ቀን የብረት ቁም ሣጥን ከነቁልፉ ካልተገዛ ከሁለት አንዳችን ከዚህ ቤት እንወጣለን አለች። ተገዛ።

በዚያው ሰመር ሚስስ ሄለን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማለዳ ከእኛ ጋር እየመጡ ተኩስ አስተማሩኝ። ክለቡ ከአውሮራ ወጣ ብሎ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ላይ ነበር፤ ከኋላው ተራሮቹ ከሩቅ ይታያሉ፣ ከፊቱ ምንም የለም፣ ሰማይ ብቻ። እሳቸው በሚታጠፍ ወንበር ላይ ኮፍያቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ፤ እኔ እተኩሳለሁ፤ አባዬ ከኋላዬ ይቆማል። ሳህኗ ስትወነጨፍ እንዳልጠብቃት፣ ቀድሜያት እንድሄድ ደጋግመው ነገሩኝ። ለአንድ ወር ሰማይ ስተኩስ ከረምኩ። ከዚያ አንድ ቀን ሳህኗ ብትንትን አለች፤ ብርቱካን ቀለም ያለው አቧራ በንፋሱ ሲሄድ ቆሜ አየሁት። ማታ ራት እስክንበላ ድረስ ጆሮዬ ላይ ያ ድምፅ ነበር፤ ጣቶቼ ባሩድ ባሩድ ይሸቱ ነበር፤ እጄን መታጠብ አልፈለግሁም።

ቤት ስንመለስ ሌላው ደስታ ይጀምራል። የተተኮሱትን ቀለሆች በጨርቅ እየወለወልኩ በአፋቸው ወደ ላይ አቆማለሁ፤ የተሰነጠቀውን ለይቼ እጥላለሁ። የተጣለውን ከንፈር ላይ አስጠግተው በአፉ ጠርዝ ላይ ቢነፉት ፉጨት ይወጣዋል፤ ቀጭኑ ቀለህ ቀጭን ድምፅ አለው፣ ወፍራሙ እንደ መርከብ ይጮሃል። ትምህርት ቤት ይዤ እንዳልሄድ አባዬ አስምሎኛል። በሱቅ ዋጋ ቀጭኑ ጥይት ከወፍራሙ እጥፍ ያወጣ ስለነበር እኔ መተኮስ የቻልኩት አባዬ ስለሚሞላልኝ ብቻ ነው። ያኔ ይህ አልገባኝም ነበር። ሁሉም ልጅ አባቱ ጥይት የሚሠራለት መስሎኝ ነበር።

ወሬው ግን ወጣ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ተከራይተን በምናመልክበት አዳራሽ ሰው ዓይኑን ጣል ያደርግብን ጀመር። አንዲት እህት ለእኛ ቤት ልዩ ጸሎት ያስፈልጋል ብላ ለእማዬ በጆሮዋ ነገረቻት፤ ሌላዋ ሴት ልጅ ጠመንጃ ይዛ ማን ያገባታል አለች። አሥራ ሁለት ዓመቴ እንደነበር አስታውሱ። እማዬ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሽማግሌዎች ስታነሣና ስታስተኛ ውላ የምትመጣ ሴት ነበረች፤ ለመጣላት ጉልበት አልተረፋትም። ቤት ስትገባ ግን ብስጭቱ በአባዬ ላይ ይወርድ ነበር። የእርግብ አደን ወቅት ሲከፈት የሥራ ባልደረባው አባዬን ቢጠራው፣ እርግብ የመንፈስ ቅዱስ ምሳሌ ናት፣ እሷን የሚተኩስ እጅ እኔ ቤት እንጀራ አይቆርስም ብላ አስቀረችው። አባዬም አልተከራከረም፤ እሱም አልፈለገም ነበር።

ያ እሑድ የመጣው በኖቬምበር ነው። አባዬ በወፍራሙ ጠመንጃ ሁለት ፌዘንት መትቶ ነበር። እማዬ ሥጋው እንዳይባክን ብላ ልክ እንደ ዶሮ ወጥ ሠራችው፤ ወንድሟን ጋሼ ሰለሞንንም ጠራች። ጋሼ ሰለሞን ሃቫና ላይ ትንሽ ቢሮ ነበራቸው፤ ለግማሹ አበሻ ታክስ የሚሠሩለት እሳቸው ናቸው። ተወዳጅ ሰው ነበሩ፣ ቀልድ ያውቃሉ፣ ቁጥር ሲያዩ ግን ዝም ማለት አይችሉም። ሁለተኛውን ጉርሻ ሲያኝኩ ቋ አለ። ከአፋቸው የእርሳስ ፍሬ አውጥተው ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጡና አዩት። ከዚያ እስክርቢቶ አወጡ።

ናፕኪን ላይ ጻፉት። የማሽኑን ዋጋ፣ የባሩዱን፣ የእርሳሱን፣ የማቀጣጠያውን። ትልልቆቹ ሱቆች ወፍራሙን ጥይት በቅናሽ ሲሸጡ ስንት እንደሚያወጣ ከጎኑ ጻፉ። በመጨረሻ አባዬ ጋራዥ ውስጥ የሚቆምበትን ሰዓት በሻትል ደሞዙ አባዙትና ከሥሩ ወፍራም መስመር አሰመሩ። እያንዳንዱ ጥይት ሱቅ ካለው የበለጠ እንደሚያወጣበት አስረዱት። «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል አሉ» ብለው ሳቁ። እማዬም ሳቀች። ያ የእማዬ ሳቅ ከጋሼ ሰለሞን ሒሳብ ይበልጥ አባዬን እንደወጋው አየሁት።

አባዬ እጁን ታጥቦ መጣ። ተቀመጠና ስለ ጂንካ ማውራት ጀመረ፤ ከዚያ በፊት ያልነገረንን። እንግዶቹ ቆቅና ጅግራ ሲተኩሱ እሱ መኪናዋ አጠገብ ይቆማል፤ ሲጨርሱ ጆንያ ይዞ ሜዳው ላይ የተበተነውን ቀለህ ይለቅማል፤ ካምፕ ሲደርሱ አለቃው ቆጥሮ ይረከባል፤ አንድ ከጎደለ ጨለማ ውስጥ በባትሪ እየፈለገ ያገኛታል። አንዴ አንድ እንግዳ ጠመንጃውን ዘርግቶ ሞክር ቢለው፣ አለቃው ከመሃል ገብቶ እሱ ሾፌር ነው ብሎ መለሰው። ይህን ሲናገር ድምፁ አልተለወጠም። ከዚያ ናፕኪኑን አጥፎ ለጋሼ ሰለሞን መለሰላቸው።

«ስምንት ዓመት የሰው ቀለህ ለቅሜአለሁ» አለ። «ከዚህ በኋላ የራሴን እለቅማለሁ። ኪሳራው የእኔ ነው።»

ጋሼ ሰለሞን ናፕኪኑን ኪሳቸው ከተቱ። እማዬ ሳህኖቹን አነሣች፤ ፊቷን ግን ማየት አልቻልኩም።

በሚቀጥለው ሰመር ክለቡ ለልጆች ውድድር አዘጋጀ። ሃያ አምስት ሳህን፣ ሃያ አምስት ጥይት። ሚስስ ሄለን ተመዝገቢ አሉኝ፤ አባዬም ሁለት ሳምንት ሙሉ ለዚያች አንዲት ጠዋት የሚሆን ጥይት ሞላ። እያንዳንዱን ጥይት ከዘጋ በኋላ በጣቱ ያሽከረክረዋል፣ በጆሮው ያዳምጠዋል፣ ያልጣመውን ይፈታል። የተሻሉትን ሃያ አምስት ከመቶ ውስጥ መረጠ። አዳር ሠርታ የምትወጣው እማዬ መንገዷ ስለሆነ እዚያው እንደምታገኘን ነገረችን። ከዚያ በፊት አንድም ቀን መጥታ አታውቅም።

ስንደርስ ልጆቹ ከነአባቶቻቸው ተሰልፈዋል። ሁሉም የሱቅ ሣጥን ይዘዋል፤ እኔ የያዝኩት አባዬ በማርከር ስሜን የጻፈበት የቡና ጣሳ ነበር። መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ ያለው ሰውዬ ክዳኑን ከፈተ፣ አንዱን አወጣ፣ አየውና መለሰው። በቤት የተሞላ ጥይት ለውድድር አይገባም አለ። አዲስ ይዘናል ወይ ሲለኝ የለንም አልኩት። ክለቡ ሱቅ ውስጥም ቀጭኑ አይሸጥም ነበር። ሰውዬው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ከእኛ ኋላ ያለውን ቤተሰብ ጠራ።

አባዬ ጣሳውን ዘጋ። «እሺ፣ ታንክ ዩ» አለው። ያንን «እሺ ታንክ ዩ» አውቀዋለሁ፤ ከአፓርትመንት ሲያስወጡን ያለው፣ ፖሊስ ሲያስቆመው ያለው ነው። ቂም አልነበረበትም፣ ያ ነው ያናደደኝ። ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ ፂማም ሽማግሌ የትላልቆችን ውድድር እየጠበቁ ነበር፤ በዳቦ ላስቲክ የያዙት ጥይት ሁሉ ቀለሙ የተለያየ፣ አፉ የተጨማደደ፣ በቤት የተሞላ ነበር። አባዬም አይቶታል። አይቶት ፊቱን ወደ መኪናችን አዞረ። ሚስስ ሄለን ወንበራቸውን ከመኪና ለማውረድ ሄደው ገና አልተመለሱም። እንባዬ መጣ፤ ከእንባዬ ጋር እማዬ መጣች።

የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነበር፤ ባጇ እንኳ ደረቷ ላይ ነው። ምን ሆናችሁ አለች። አባዬ ችግር የለም ሊል አፉን ሲከፍት እኔ ቀድሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ የሽማግሌውን የዳቦ ላስቲክም። እማዬ ጣሳውን ከአባዬ እጅ ወሰደች። ሰልፉን አልፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወደ እኔ ዞረች።

«የተጻፈበትን ያሳየን በይው» አለችኝ። «እንዳለ ንገሪው። እንዳታለሳልሺው።»

እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኛ ስናስተረጉም እናለሳልስ ነበር። ወላጆቻችን የተናገሩትን ቁጣ ይቅርታ ቀላቅለን፣ የተነገራቸውንም ስድብ ስኳር አድርገን እናቀርብ ነበር፤ ሁለቱም ወገን በእኛ ውሸት በሰላም ይኖር ነበር። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳለ ነገርኩት። ሰውዬው የክለቡ ደንብ ነው አለ። እማዬ የእኔን ትርጉም አልጠበቀችም። በነርሲንግ ሆም የሥራ ማስታወሻዎችና ደንቦች በተማረችው እንግሊዝኛ ራሷ ጀመረች፤ እሷ የምትሠራበት ቤት ያልተጻፈ ደንብ ደንብ እንዳልሆነ፣ ደንብ ካለ ገጽ እንዳለው፣ ገጹን እስክታይ ከዚያ እንደማትነቃነቅ ነገረችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሽማግሌ ከአልጋ ስታነሣ እግሯን እንደምትተክለው እግሯን ተክላ ቆመች። ከኋላ ያሉት ቤተሰቦች ሰዓታቸውን አዩ። አባዬ ትርሲት፣ በቃ ተይው አላት። አልተወችውም።

ሰውዬው ተነሥቶ ቢሮ ገባ። ቆይቶ ጥቁር ማህደር ይዞ ወጣ፤ ቆሞ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። ከዚያ ማህደሩን ወደ እኛ አዞረው። በቤት የተሞላ ጥይት ይፈቀዳል፤ ለልጅ ከሆነ ወላጅ ይፈርማል፤ ጥይቱ ይታያል። ይህ ብቻ ነበር። ሰውዬው ይቅርታ አልጠየቀም። ፂማሙን ሽማግሌ ጠርቶ ጥይቶቹን እንዲያዩለት ነገራቸው። ሽማግሌው ከጣሳው አምስት ስድስቱን አውጥተው መዳፋቸው ላይ አንከባለሉ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የጥይቶቹን አፍ አዩ፤ አንዱን በሴንጢ ቀድደው ባሩዱን ወረቀት ላይ ዘረገፉት። ከሱቁ የተሻለ ነው ብለው ለአባዬ እጃቸውን ዘረጉለት። የተቀደደችውን ለመተካት አባዬ ከኪሱ አንዲት ትርፍ አወጣ። ከዚያ ፈረመ።

አሸነፍኩ ብላችሁ ደስ ባላችሁ። አላሸነፍኩም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት በእልህ ሳትኩ፤ ከዚያ ተረጋግቼ መታሁ፣ ደግሞ ሳትኩ፣ ደግሞ መታሁ። ከሃያ አምስቱ አሥራ ስምንቱን ሰበርኩ። በዕድሜዬ ካሉት አራተኛ ወጣሁ፤ ሜዳሊያው ለሦስት ነው። ሚስስ ሄለን ከወንበራቸው ሆነው የሳትኩትን አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ እሳቸው ማጽናናት አያውቁም። አባዬ ግን ከኋላዬ የሚቆጥረው ሌላ ነገር ነበር። በየተኩሱ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ በጎን አየዋለሁ። ስጨርስ ምን ያህል እንደመታሁ አልጠየቀኝም። «ሃያ አምስቱም ተተኮሱ» አለኝ። አንድም አልከሸፈም።

ከዚያ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ቀለሆቹን መልቀም ጀመረ። እማዬ ለአፍታ አየችው። ቦርሳዋን ለእኔ ሰጠችኝና፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሞ ባደረ እግሯ ሣሩ ላይ ተንበርክካ ከጎኑ ለቀመች። ልጆችና አባቶች በአጠገባቸው ያልፋሉ፤ አንዳንዱ ያያል። እኔ ቦርሳውን ታቅፌ ቆምኩ። በዚያ ዕድሜ ወላጅ ሁሉን ነገር ያሳፍራል፤ አነጋገሩ፣ ምሳ ዕቃው፣ ጫማው። ያን ጠዋት አላፈርኩም። የሚያየን ይየን አልኩ፤ ዛሬም ያንኑ ነው የምለው።

አሁን ሎውሪ አካባቢ ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ። ሚስስ ሄለን ካረፉ ቆይተዋል፤ ቤታቸው ፈርሶ በቦታው ሦስት ፎቅ ቆሟል። ጋሼ ሰለሞን ቢሮውን ዘግተው ጡረታ ወጥተዋል። የጥይት ዋጋ ወጥቷል፣ የባሩዱም የእርሳሱም አብሮ ወጥቷል፤ ዓለምን ባቆመው ወረርሽኝ ዘመን መደርደሪያው ሁሉ ባዶ የሆነበት ጊዜ ነበር፤ ያኔ ክለቡ ውስጥ ሳያቋርጡ ከተኮሱት ጥቂቶች አንዷ እኔ ነበርኩ። ጥይት ራሴ እንደምሞላ የሚሰሙ የሥራ ባልደረቦቼ ያተርፋል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ኢንተርኔት ላይም ይህንኑ ሲከራከሩ አነባለሁ። እውነቱን እነግራቸዋለሁ። በወፍራሙ ጥይት ጋሼ ሰለሞን ትክክል ነበሩ፤ ሱቅ በቅናሽ ሲያወጣው መሙላት ድካም ነው። በቀጭኑ አባዬ ትክክል ነበር፤ ዛሬም በግማሽ ዋጋ እሞላዋለሁ። የአባዬን ሰዓት በደሞዝ ማባዛታቸው ግን ያኔም አልዋጥልኝ ብሎ ነበር፣ ዛሬም አይዋጥልኝም። ያንን ቅዳሜ ከአባቴ ላይ ሊገዛ የመጣ ማን ነበር? ማንም። እሱም አይሸጥም ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ እያለ ያሳደገኝ ሰው ነው።

ያኔ ስለማንችል ነበር የምንሞላው። ዛሬ ሣጥን ሙሉ ገዝቼ መመለስ እችላለሁ፤ ልጆቼም በእንግሊዝኛ ለምን አታዥም ይሉኛል። ጋራዤ ማሞቂያ አለው፣ መብራቱ ጥሩ ነው፣ ማንም በጆሮዬ ስለ ጸሎት አያንሾካሽክም። የሚጎድለኝ አንዳንዴ ያ ጸጥታ ነው፤ እኔና አባዬ በአንድ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ትንፋሻችንን የምንውጥበት። አሁን ቤት ውስጥ ጸጥታ ያለው ሁሉም ስልኩን ሲያይ ነው።

አባዬ ግን ይመጣል። ባለፈው ስፕሪንግ ዓይኑን ኦፕሬሽን ተደርጓል፤ ሐኪሙ ሃይዌይ አትንዳ ብሎታል፤ እሱም ሃይዌይ አይነዳም፣ ሃቫናን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሠላሳ ማይል እየነዳ፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ክላክስ እያደረገበት ቅዳሜ ቅዳሜ ይደርሳል። እማዬ ከጎኑ ተቀምጣ ክላክስ ለሚያደርጉት ሁሉ በመስኮት እጇን ታወዛውዛለች። ባለፈው ሳምንት ባሩዱን እየመዘንን ሳለ ሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥር ደበዘዘበት። አነበብኩለት። እጀታውን ግን አልሳበም። እኔ የሰው መድኃኒት በሚሊግራም መዝኜ የምኖር ሴት ነኝ። ደግሜ አነበብኩለት። ወንበሩን ስቦ ተጠጋ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ወለወለ፣ መልሶ አደረገ፣ አፍንጫው ሚዛኑን እስኪነካ ጎንበስ ብሎ ራሱ አየው። ከዚያ ነው እጀታውን የሳበው።